ጠዋት ጠዋት የሚሞቀው ዲናሞ

ለማይጽፍልኝ፣ ግን ለምወደው ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሚስትህን እንቅልፍ እየነሳሃት ነው? እሷስ ደህና ናት? ትንሿ ጥርስ አወጣች ሲሉ ሰማሁ። እሰይ! ጣትህን ደህና አድርጋ ትንከስህ፤ የእኔን ጣት ስንት ጊዜ ነክሰሃል። እኛ እግዜር ይመስገን አለን። እኔ ወገቤን፣ እማዬ ጉልበቷን እንላለን እንጂ ሌላ ሕመም የለብንም። ጆሮዬ ብቻ ደህና አይደለም፤ ባለፈው በስልክ የጮህክብኝ ጩኸት እስካሁን ውስጡ ይንጫጫል።

የትራክተሩን ገዢ ለምን መለስሽው አልከኝ። ስንቱን ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን ሰው አዋርደሽ ሰደድሽው አልከኝ። ስለ አንድ አሮጌ ብረት ብለሽ እናታችንን ወደ እኔ እንዳልወስዳት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ልታስቀሪያት ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ ዝም አልኩህ። ዝም ስልህ ጥፋቴን ያመንኩ መሰለህና ይብስ ጮህክ። ሞኝ! እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ እኮ ነው። የምሰፋበት ክፍል ውስጥ ሆና ክር ታጠነጥንልኝ ነበር፤ ጆሮዋን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ጎረቤት ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ትሰማለች። በስልክ የማይነገር ነገር ስለሆነ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ። አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው። ሥራ ቦታ፣ በቁምህ፣ ሰው እየጠራህ እንዳታነበው በሞቴ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አንተ የደረስከው አባዬ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸብህ፤ ምን ታደርግ፣ ማንም አልወቀሰህም። ግን ያላየኸውን ማወቅ አለብህ። ያን ምሽት ከእርሻ ሲመለስ ትራክተሩን እንደ ልማዱ ጋራዡ ውስጥ አስገባ። ያ ከእማዬ መኝታ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራው የቆርቆሮ ጋራዥ አሁንም እዚያው ነው። ሌላ ጊዜ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ እዚያው የሆነ ነገር ሲነካካ ይቆይ ነበር፤ ኮፈን ሲከፈት፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ኮፈን ሲዘጋ እንሰማለን። አባትሽ ከሚስቱ ጋር እየተሰናበተ ነው ትለኝ ነበር እማዬ፣ ትራክተሩን ማለቷ ነው። የዚያን ዕለት ግን ቶሎ ገባ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ደረቴ ከበደኝ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ አለኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ አባዬ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ግን አልነበረም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ እጄ እምቢ ይለኛል።

አንተ ወደ ሥራህ ከተመለስክ በኋላ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ነገሩን እያካበድኩብህ እንዳይመስልህ፤ እውነቴን ነው የምልህ፣ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታ ያንን ግድግዳ ስታይ ትውላለች። አፈር ስሆን ብዬ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ባጎርሳት በጉንጯ ይዛት ትቆያለች። ክንዷ እንጨት ሆነ። ሐኪሙ መጥቶ አያትና ሕመም አላገኘሁባትም አለኝ። አንተ የምግብ ፍላጎት ክኒን ላክልን። ከዚያ እማዬ ተሻላት ስልህ ክኒኑ ነው ብለህ ደስ አለህ፤ ለባልደረቦችህም አወራህላቸው አሉ። ክኒኑ ማሸጊያው ሳይፈታ መደርደሪያው ላይ አለ። ያዳናት ሌላ ነገር ነው። ልነግርህ የፈለግኩትም እሱን ነው።

እርሻ ደረሰ። ደመናው መሰብሰብ ጀመረ። የእኛ ማሳ አለ፣ አባዬ አርስላችኋለሁ ብሎ ቃል የገባላቸው ጎረቤቶችም አሉ፤ ዝናቡ ቀድሞ ከጣለ መሬቱ ጭቃ ይሆንና ዓመቱ በቃ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ የስፌት ደንበኞቼን ታገሡኝ ብዬ የአባዬን ካፖርት ለበስኩና ትራክተሩ ላይ ወጣሁ። ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ! መሪውን ያስተማረኝ ማን ሆነና። ባትሪው ቆሞ ስለሰነበተ ሞቶ ነበር፤ ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሹፌሩ በገመድ ጎትቶ አስነሳልኝ። ቀኑን ሙሉ አረስኩ። ሞተሩ እንደ ጥንቱ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራትም ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች፤ ቻርጅ እያደረገ ነው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አመሻሹ ላይ ጋራዡ ውስጥ አቁሜ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ ገብቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ማስነሻው ሞተሪኖ አቃስቶ ተኛ። በንዴት ጎማውን እየረገጥኩ ስሳደብ ዞር ስል እማዬ የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። እማዬ! ከአልጋዋ አልነሳም ያለችው እማዬ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በባዶ እግሯ። አጠገቤ አልፋ ኮፈኑን ከፍ አደረገችና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። መዳፏን ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ ላይ አሳረፈች። እንደዚያው ሆና ቆየች። ከዚያ ሞቋል አለች። ድምፅዋ ከወጣ ስለሰነበተ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ሞቋል ብላ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ደብቃ ገባችና ሻይ አፍልቺልኝ አለችኝ።

እኔም እጄን ሰደድኩ። ወንድሜ፣ ሞተሩ በረዶ ነው። ጭስ መውጫው በረዶ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ብረት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለህ። ዲናሞው ግን ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይሞቃል። በመንፈስ አላምንም ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር የኖርኩት ሴትዮ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ነው ከጋራዡ የወጣሁት።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ባትሪው ሞቷል፣ ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ ዲናሞው ሞቋል። እማዬ ወጣች፣ ነካችው፣ ሞቋል አለች፣ ገብታ ሻይዋን በዳቦ ጠጣች። ሌሊት የሚነዳው አለ እንዴ? ሌባ ነው ብዬ በሩን በሰንሰለት ቆለፍኩ። ጠዋት ሰንሰለቱ እንደነበረ ነው፣ ዲናሞው ግን ሞቋል። ከጎማዎቹ ፊት ጭድ በተንኩ፤ ጠዋት አንዲት ሰበዝ አልተሰበረችም። መቀመጫው ላይ ዱቄት ነሰነስኩ፤ አትሳቅብኝ፣ አንተም ብትሆን ታደርገው ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም። አንድ ማለዳ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ደግሞ ከወዲያ ስስ ድምፅ ሰማሁ፣ ንብ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዓይነት። እማዬ በዚያ ድምፅ አጠገብ ሰላማዊ እንቅልፍ ተኝታለች። እኔ አባዬ ነው አልኩ። አልኩ! ምን ልበል ታዲያ? እርሻውን ሳይጨርስ ሄዶ አላስችል ብሎት ነው አልኩ። ፈራሁትም፣ ናፈቀኝም። ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አባዬ በሰላም እረፍ፣ እኔ አርስልሃለሁ እል ነበር፣ እንደ እብድ። እማዬንም እሱ እየመጣላት ነው የተነሳችው ብዬ ደመደምኩ። እሷን አልጠየቅኳትም። እንዴት ይጠየቃል?

እንዲያ እያልኩ ግን ትራክተሩ አልነሳ አለኝ። ሹፌሩ እየጎተተ አስነሳልኝ፣ ኋላ እሱም ሰለቸው፤ የራሱ ሥራ አለበት። ባትሪሽ አርጅቷል ስላለኝ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አዲሱም ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል ብዬ ወጠርኩት፤ የስፌት መኪና ቀበቶ ስወጥር የኖርኩ ነኝ፣ አያቅተኝም። የባትሪውን ራሶች በብሩሽ ፈግፍጌ ቅባት ቀባሁ። የመሬቱን ሽቦ ፈትቼ ዝገቱን ፋቅኩና መልሼ አሰርኩ። ቀን ላይ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ማለዳ ላይ ያው ነው። የእኛ ማሳ ግማሹ ሳይታረስ ደመናው ጠቆረ።

መጨረሻ ላይ ብልጭታን ጠራሁት። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው፤ ሲያወራ እጁ ስለማያርፍ ነው እንዲህ ያሉት። መጣና ሞተሩን በግፊ አስነስቶ ለካው፣ ዲናሞሽ ጎረምሳ ነው፣ እንደ ጉድ ያመነጫል አለኝ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ የባትሪውን ሽቦ ፈታና በባትሪውና በሽቦው መሐል ትንሽ አምፖል ገጠመ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ ቦግ አለች። እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ የሚጠጣ ሰው አለ አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን ክው አልኩ፤ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። የፊት መብራቱን ሽቦ ፈታ፣ አምፖሏ አልጠፋችም። የጡሩምባውን ፈታ፣ አልጠፋችም። ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ያለችውን ጥቁር ሳጥን፣ ሬጉሌተር ይሏታል፣ ሽቦዋን ሲነቅል አምፖሏ ድርግም አለች። ክዳኗን ከፍቶ አሳየኝ። ውስጧ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ፤ መለያየት ሲገባቸው በቀጭኑ ተነካክተው ቀርተዋል። በካቻቢቴው እጀታ ኳ ሲያደርጋት ተላቀቁ።

እንዲህ ነው ብሎ አስረዳኝ። ቀን ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ባትሪውን ያበላል። ሞተሩ ሲጠፋ ይህች ሳጥን በሩን መዝጋት አለባት፤ እሷ ግን አትዘጋም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪው መልሶ ዲናሞውን ያበላል። ዲናሞው አይዞርም፣ ሥራ የለውም፣ ቆሞ ዝም ብሎ ይሞቃል አለኝ። ድምፁም የእሷው ነው፣ ነጥቦቹ ሲንቀጠቀጡ ነው አለኝ። ደግሞ ሳቁን አቁሞ፣ እንኳን በቀጭኑ ሆነ አለ። አንድ ቀን በደንብ ቢጣበቁ ሽቦው ይነድና ጋራዡን ይዞ፣ ያንን ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ከግድግዳው ወዲያ ማን ነው የሚተኛው ብሎ ጠየቀኝ። ዞር ብዬ እማዬን አየሁ።

እማዬ ያን ጊዜ አፍ አውጥታ ጠየቀችው። ልጄ፣ ከሠራኸው በኋላ አይሞቅም ማለት ነው? አለችው። እሱ ምን ያውቃል፣ ሥራውን የሚያመሰግንለት ሰው ያገኘ መስሎት በፍጹም እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ያድርልዎታል፣ አያስቡ አላት። ሥራው አለች። እጅህ ይባረክ አለችው። ገብታ ተኛች። አዲስ ሳጥን ገጥሞ፣ አሮጌዋን ጣያት ብሎ መዳፌ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

አትሥራ ልበለው ነበር? አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር? አንድ ግድግዳ ነው ከእሳቱ የሚለያት። ደግሞ ማሳው አለ። እኔም ሥራው አልኩ፣ ተሠራ፤ በማግስቱ ትራክተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። እማዬ ግን ማለዳ ወጥታ እጇን አሳረፈች፣ ቆየች፣ ቆየች፣ ምንም አላለችም። ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ቀን ቀን እያረስኩ፣ ማሳው እየተገለበጠልኝ፣ ሰው እሰይ አበጀሽ እያለኝ፣ አመሻሽ ስገባ የጠዋቱ ሻይዋ እንደተቀዳ ቆዳ አውጥቶ ይጠብቀኛል። ዳግመኛ ልትሄድብኝ ነው። ባሏን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩባት፣ በገዛ እጄ፣ ከፍዬ።

አሁን የምነግርህን ለማንም እንዳትናገር፣ ለሚስትህም ቢሆን። ማለዳ ከእሷ ቀድሜ መነሳት ጀመርኩ። ውሃ አፈላለሁ፣ ፎጣ እነክራለሁ፣ እጨምቅና ዲናሞው ላይ እጠመጥመዋለሁ። ሲበርድ እቀይራለሁ። ኮቴዋን ስሰማ ፎጣውን ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ፣ ብረቱን በክንዴ ጠርጌ፣ ዘይት የማይ መስዬ እቆማለሁ። በመጀመሪያው ቀን እጇን አሳረፈች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ረጅም ማየት አየችኝ። ከዚያ ሞቋል አለች። ገባች፣ ሻይዋን ጠጣች። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ! ከጓዳ ሆኜ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እንዲሁ አደረግኩ፤ መዳፌ ተልጦ መርፌ መያዝ አቃተኝ፣ ደንበኞቼ ልብስ አጣቢ ሆንሽ እንዴ እያሉ ቀለዱብኝ።

በዚህ መሐል ነው ያንተ ገዢ የመጣው። በማለዳ መጣ፤ ገና ፎጣውን መደበቄ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ አልክድም። ጎማውን አየ፣ ዘይቱን አየ፣ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ሲሰድ ዲናሞውን ነካና ፊቱ ተለዋወጠ። ይሄ ለምን ሞቀ? አለኝ። ገና ሳልመጣ አስነስታችሁታል ማለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሞተር ነው እንዲህ ቀድመው አሙቀው ለገዢ የሚያሳዩት፣ ይሄንን ዘዴ አውቀዋለሁ አለ። ምን ልበለው? የአባቴ መንፈስ ነው ልበለው ወይስ ፎጣዬን ላሳየው? የመለሰችለት እማዬ ናት። ከበሩ ሆና፣ ያንን የጥንት ድምፅዋን አውጥታ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ልጄም አታታልልም፤ ለማንኛውም አይሸጥም፣ ደክመህ መጥተሃልና ግባና ሻይ ጠጣ አለችው። ሰማህ? የመለሰችው እሷ ናት። ጩኸትህን አሁን መልሰህ ዋጠው።

ገዢው ከሄደ በኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጪ አለችኝ። ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው። ያቺን ፎጣ ከነገ ጀምሮ ተያት አለችኝ። አባትሽ ዲናሞ ላይ ውሃ ስታፈሺ ቢያይሽ ይገልሽ ነበር፣ ዝገት ጀምሯል እኮ አለችኝ። ያንቺ ሙቀት እርጥብ ነው፣ ያኛው ደረቅ ነበር አለችኝ።

ታዲያ አባዬ አለመሆኑን ካወቅሽ ብዬ ስጀምር፣ እኔ መቼ አባትሽ መጣ አልኩሽ? አለችኝ። እኔ ያልኩት ሞቋል ነው። አባታችሁ ማታ ማታ ምን ሲነካካ የሚቆይ ነበር የመሰለሽ? የባትሪውን ሽቦ ሲፈታ ነው። ይህቺ ሳጥን ትጣበቃለች፣ ሽቦውን ካልፈታሁት ጠዋት ባትሪው ይሞታል፣ ዲናሞው ደግሞ በከንቱ ይሞቃል ይለኝ ነበር፤ ስንት ዓመት ቀይራት ብዬው ገና ትሠራለች እያለ። የዚያን ዕለት ደረቱን ሲከብደው ሳይፈታው ገባ።

ከዚያ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ፣ ምንም አልጨመርኩም። ሊነጋ ሲል ሰዎቹ ሲያጥቡት ማየት አልቻልኩም፣ ወጣሁ አለች። ጋራዡ ገባሁ። የምይዘው ፈልጌ እጄን ሰደድኩ፣ ሞቆ ነበር። የእሱን እጅ ለቅቄ ነው የወጣሁት፣ እጁ በረዶ ነበር። ከዚያ ሰውዬ የቀረልኝ ሙቀት እሱ ብቻ ነበር አለች። ኋላ ባትሪው ሲሞት እሱም በረደ፤ እኔም ተኛሁ። አንቺ ትራክተሩን አስነስተሽ ስታቆሚው ግን ሽቦውን እንደማትፈቺ አውቅ ነበር። ዝም አልኩሽ። ባትሪ ስትገዢ ዝም አልኩሽ። ያንን ይቅር በይኝ። እሳት ያመጣል ሲል ግን ልጄን ከማቃጥል ይብረድ አልኩ።

እያለቀስኩ፣ ታዲያ የእኔን ፎጣ ለምን ሞቋል አልሽው? አልኳት። ምነው ልጄ አለችኝ፣ በዚያ ብርድ ተነስተሽ ውሃ አፍልተሽልኝ፣ በርዷል ልበልሽ?

ወይ እማዬ! እኔ እሷን አቆይ መስሎኝ እሷ እኔን ስታቆይ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማለዳ ስትወጣ አልከተላትም። እጇን ታሳርፋለች፣ በርዷል ትላለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እኔ እንድሰማው። ከዚያ ገብታ ሻይዋን ትጠጣለች። ዳቦም ትበላለች። ክንዷ ሥጋ እየያዘ ነው። ማሳውም ከዝናቡ በፊት አልቋል፣ የጎረቤቶቹም ጭምር።

እንግዲህ አይሸጥም ያለችው ለራሷ ብላ ነው ብዬ ነበር። ጠየቅኳት። አይደለም። ያ ልጅ የአባቱን እጅ ሳይዝ አፈር ላይ ደረሰ አለችኝ፤ አንተን ማለቷ ነው። ሲያለቅስም አላየሁት፣ ሲነካም አላየሁት፣ እንደ እንግዳ ቆሞ ሰው አሰናብቶ ሄደ። እሱ ሳይነካው ወዴት ነው የሚሸጠው? አለችኝ። አሮጌዋን ሳጥን ከስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ያነሳቻትም እሷ ናት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣታለች።

ስለዚህ ና። ሥራ በዛብኝ አትበለኝ። የምትደርስበትን ቀን ግን በዋዜማው ማወቅ አለብኝ፣ ገና ሳይመሽ፤ አሮጌዋ ሳጥን ለአንድ ሌሊት ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት። ከቤቱ ርቆ ሜዳው ላይ፣ ቆርቆሮም ግድግዳም በማይደርስበት፣ ትራክተሩ አንድ ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ጠርጌአለሁ። አዳርህን ተጉዘህ ማለዳ ድረስ፤ ቀኑ ከፍ ካለ ፀሐዩ ብረቱን ሁሉ ስለሚያሞቀው አይለይም። ሻንጣህን አታስቀምጥ፣ እኔንም አትሳመኝ፣ ቀጥ ብለህ ወደ ሜዳው ሂድ። እማዬ እዚያ ትቆይሃለች። እጅህን የት እንደምታሳርፍ እሷ ታሳይሃለች።

ከዚያ በኋላ ሽጠው። ማንም አይከለክልህም።

መንገዱን ያቅናልህ፣ ደረትህን ያስፋልህ፣ የሚስትህን ፊት አያጥቁርብህ። የትንሿን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ሳምልኝ። እማዬ ከወዲያኛው ክፍል ማን ነው የሚጻፍለት ብላ ጠይቃኝ ለእሱ ነው ስላት፣ ካፖርት ይዞ ይምጣ፣ ማለዳው ይበርዳል በይልኝ ብላለች።

ታላቅ እህትህ